ከአዲስ አበባ የመጣ ቀሚስ፦ አለባበስና ሰርግ በወልቂጤና በቡታጅራ

«ለመስቀል ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን አባባል ያልሰማ የለም። ጉራጌ ዘንድ ግን አባባሉ የዓመት ዕቅድ ነው። መርካቶ ሱቅ ያለው፣ አውቶቡስ ተራ ሊስትሮ የሚሠራው፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ምግብ ቤት የከፈተው ሁሉ ዓመቱን ዕቁብ እየጣለ የሚከርመው፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ለእናቱ ጋቢ፣ ለሚስቱ ቀሚስና ጫማ፣ ለልጆቹ ከእግር እስከ ራስ አዲስ ልብስ ይዞ አገር ቤት ለመግባት ነው። ባዶ እጅ መግባት የሚያሳፍረውን ያህል አሮጌ ልብስ ለብሶ መግባትም ያሳፍራል። መንደሩ መጀመሪያ የሚያየው የመጣውን ሰው አለባበስ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ልብስ ሰፊው ፊት የሚቀርበው ትእዛዝም «የእገሌ ሚስት የለበሰችውን ዓይነት ስፋልኝ» የሚል ይሆናል።

ስለ ወልቂጤና ስለ ቡታጅራ አለባበስ መጻፍ እንግዲህ ስለ መንገድ መጻፍ ነው። የእነዚህን ከተሞች የፋሽን ምርጫ ከቀየሩት ነገሮች ሁሉ፣ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የሚመለሰውን ሰው የሚያህል የለም ብዬ አምናለሁ። ንጉሥም፣ ነጋዴም፣ ዘፋኝም፣ የልብስ ስፌት መኪናም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ሁሉም ግን ወደ መንደሩ የገቡት በዚያ ተመላላሽ ሰው ትከሻ ላይ ሆነው ነው።

ሁለቱ ከተሞች አንድ መልክ የላቸውም። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቸሃው፣ እዣው፣ እነሞሩ፣ ጉመሩ፣ ምሁሩ ወደ እሷ ይወርዳል፣ ቀቤናውም ጎረቤቷ ነው። ቡታጅራ በዓለምገና በኩል በሚወርደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በዙሪያዋ መስቃኑ፣ ማረቆው፣ ዶቢው፣ ሶዶ ክስታኔው፣ ስልጤው ይገበያያል። በንጉሡ ዘመን የአንድ አውራጃ ልጆች እንኳን አልነበሩም፦ አንዷ በጨቦና ጉራጌ፣ ሌላዋ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ትተዳደር ነበር። ዛሬም ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናቸው። ልዩነቱ ልብስ ላይም ይታያል። የቡታጅራ ገበያ የደጋውንም የቆላውንም፣ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ዓይን ስለሚያስተናግድ ቀለሙ ይደምቃል፤ የማረቆ በርበሬ ጥሩ ዋጋ ያወጣ ዓመት ደግሞ የጨርቅ ሱቁም የድንኳን አከራዩም ፊቱ ይፈካል።

ወደ ኋላ እንሂድ። የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በዚህ አገር አብዛኛዋ ሴት የምትለብሰው ቆዳ ነበር። የእንሰት አገር ደጋ ነው፤ ጥጥ አያበቅልም። እንሰት ቆጮውንና ቡላውን ያበላል፣ ከተረፈው ቃጫ ገመድ ይገመዳል፤ የጥጥ ሸማ ግን ከሩቅ ገበያ የሚመጣ፣ በብዙ የሚገዛና ለክብር ቀን የሚቀመጥ ነበር። ቆዳው ተፍቆና ለፍቶ፣ ቅቤ ጠጥቶ እስኪለሰልስ ድረስ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ያን ሥራ የሚሠሩት የእጅ ባለሙያዎች ለዘመናት ከመሬትና ከክብር ተገልለው ኖረዋል። ስለ ጥንቱ ውበት ስናወራ የእነሱን እጅ መዝለል ትልቅ በደል ነው፤ ሙሽራዋን ያለበሷት እነሱ ናቸውና። አንገት ላይ ጨሌና ድሪ፣ ክንድ ላይ የመዳብና የነሐስ አምባር፣ ያለው ሰው ከማርያ ትሬዛ ብር የቀለጠ ጌጥ፦ የበዓል ቀን መልክ ይህን ይመስል ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ጌጡ ቅቤ ነበር። የሙሽራዋ ጸጉር በቅቤ ይርሳል፣ አንገቷና ክንዷ በቅቤ ይታሻል። ከሰርጉም በኋላ ሥራ ሳትነካ፣ ከሰው ዓይን ተከልላ፣ ክትፎና ቅቤ እየተቀለበች ትሰነብታለች። ገና የእንሰት መፋቂያ የምትይዝበት፣ ቆጮ የምትጨምቅበት ረጅም ዘመን ከፊቷ ስላለ፣ ያ ጊዜ በሕይወቷ እጇ የሚያርፍበት ብቸኛው ወቅት ሊሆን ይችላል። ከጫጉላው ስትወጣ ፊቷ ሞልቶ፣ ቆዳዋ አብረቅርቆ ከታየ የባሏ ቤት ተመሰገነ ማለት ነው። ዛሬ ወልቂጤ ላይ ቬሎ ለመለካት የምትገባ ልጅ ወገቧ እንዲቀጥን ከሁለት ወር በፊት ምግብ ትቀንሳለች። አያቷ በመፋፋቷ የተመሰገነችበትን ቀን የልጅ ልጇ በመቅጠኗ ትመሰገንበታለች። በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ከተለወጡት ነገሮች ሁሉ ይህኛው ከጨርቁም ከስፌቱም የከበደ ለውጥ ይመስለኛል።

አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ዊሊያም ሻክ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ቸሃ ውስጥ ተቀምጦ ያጠናውን በ1966 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ሕዝቡን ከእንሰት ባህሉ ጋር አያይዞ ለዓለም ያስተዋወቀ ሥራ ነው። የዚያው አገር ልጅ ደራሲ ሣህለሥላሴ ብርሃነማርያም ደግሞ የመንደሩን ሕይወት በቸሃ ቋንቋ ጻፈ፤ ሥራው በቮልፍ ሌስላው ተርጓሚነት በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ወጣ። ሁለቱ የመዘገቡት ዘመን አሮጌው አለባበስ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን የቆመበት ነው።

አዲሱ አለባበስ የመጣው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው መንግሥት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ተቃውሞ ተሰብሮ አገሩ በምኒልክ ግዛት ሥር ሲውል፣ የቤተ መንግሥቱ ልብስም አብሮ ገባ፦ ኩታው፣ ጥበቡ፣ እጀ ጠባቡ፣ ካባው። ሁለተኛው ሥራ ፍለጋ ነው። ግብር በገንዘብ ሲጠየቅ ጎልማሳው አዲስ አበባ ወረደ፤ ተሸከመ፣ ቆፈረ፣ ነገደ። ከጣልያን ወረራ ወዲህ መርካቶ የአገሩ ትልቁ ገበያ ሲሆን፣ የትናንቱ ተሸካሚ ቀስ በቀስ የጨርቅ ሱቅ ባለቤት ሆነ። ይህ ሲሆን ለአገር ቤቱ አለባበስ ትልቅ በር ተከፈተ። የጉራጌ ገበሬ ሚስት ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሚያምራት የሚያውቀው ነጋዴ የራሷ ወንድም ነበርና፣ አቡጀዲው፣ አበባማው ቺት፣ የራስ ሻሹ ከመርካቶ ሸማ ተራና አዳራሽ ተነሥቶ መንደር ለመድረስ ሌላ ደላላ አላስፈለገውም።

መንገዱ ግን ጭቃ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ይቆረጣል። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች የራሳቸውን ገንዘብ አዋጥተው መንገድ መሥራት ጀመሩ፦ በአንድ ወገን የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት፣ በሌላ ወገን የዓለምገና–ወላይታ ሶዶ የመንገድ ሥራ ድርጅት። ነጋዴው ከትርፉ፣ ሊስትሮው ከሳንቲሙ ሰጠ። ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ቬሎ በካርቶን ታስሮ መጣ፤ ልብስ ሰፊዎችም የሲንጀር መኪናቸውን ይዘው ቡታጅራና ወልቂጤ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ያ የመንገድ መዋጮ በልማት ታሪክነቱ ብዙ ተነግሮለታል። ለአለባበሳችንም ከማንኛውም ሱቅ የበለጠ እንደሠራ ግን ሲነገር አልሰማም።

የነጩ ቬሎ ታሪክ ከሩቅ ይጀምራል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 እ.ኤ.አ. በነጭ ልብስ ስታገባ የአውሮፓ ባለጸጎች ተከተሏት፣ ከዚያም ዓለም ተቀበለው። ብዙ አገር ይህን ልብስ ለመቀበል የቀድሞ ቀለሙን መተው ነበረበት። እኛ ዘንድ ግን ነጭ ቀድሞውኑ የበዓል ቀለም ነው፤ ስለዚህ ቬሎው እንደ ባዕድ ሳይታይ ከነጠላው ጎን ቆመ። የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን የሰርግ ፎቶ ብትመለከቱ ሁለቱን አብረው ታገኛላችሁ፦ ሙሽራዋ በቬሎ፣ እናቷ በጥበብ ቀሚስ፣ አያቷ በወፍራም ጋቢ፣ ሙሽራው ትከሻው ሰፋ ባለ ጥቁር ሙሉ ልብስ፤ ከኋላ ስቱዲዮው ውስጥ የተሣለ መጋረጃ። ብዙ ጊዜ የሙሽራዋ ፊት የልጅ ፊት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ያስቀመጠው 15 ዓመት ነበር፤ 18 የሆነው ከ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ወዲህ ነው። ፎቶውን በልብሱ ውበት ብቻ ማየት አይቻልም፤ ልብሱ ውስጥ ማን እንዳለችም መታየት አለበት።

እዚህ ላይ የቃቄ ወርድወትን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። የምሁር ተወላጅ ነበረች፤ የኖረችውም በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ወንዱ በሚስት ላይ ሚስት ሲደርብ ሴቷ ግን ያልወደደችውን ባል ትታ ሌላ ማግባት የማትችልበትን ልማድ በመቃወም ሴቶችን አስተባብራ የጆካ ሸንጎ ፊት ቆመች። የእሷ ታሪክ በጫንያለው ወልደጊዮርጊስ ተጽፎ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ሲታይ የአዲስ አበባ ተመልካች የጉራጌን ሴት ከዘፈንና ከጭፈራ ውጪ አያት። ወርድወት የታገለችው ሰርግ እንዴት ይድመቅ በሚለው ላይ አልነበረም፤ ሰርግ በማን ፈቃድ ይደረግ በሚለው ላይ ነበር። የዛሬዋ ሙሽራ የቬሎዋን አንገት ራሷ የምትመርጠው፣ ባሏንም መምረጥ ስለቻለች ነው።

ወደ 1960ዎቹ ከተማ እንመለስ። መጋቢት 1960 ስድስት ኪሎ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት የተማሪዎች ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር፤ ሚኒስከርትና ሐበሻነት አብረው ይሄዳሉ ወይ የሚለው ጥያቄ የፖለቲካ ጥያቄ ሆነ። በጉራጌ ከተሞች ግን ነገሩ በጸጥታ ገባ። አፍሮ ጸጉር፣ ከታች የሰፋ ሱሪ፣ ጠበብ ያለ ሸሚዝ የለበሰው ወጣት ለመስቀል ሲመጣ አባትየው ቢያጉረመርምም ታናናሾቹ ሱሪውን ሲለኩ ይውሉ ነበር። መርካቶ ተወልዶ ያደገው፣ በልጅነቱ ሊስትሮ የሠራው፣ ኋላም ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር የዘፈነው ማሕሙድ አሕመድ ለዚያ ትውልድ የድምፅ ብቻ ሳይሆን የመልክም አርአያ ነበር። ጫማ እያሳመረ ያደገ ልጅ መድረክ ላይ በሙሉ ልብስ ሲቆም ማየት፣ ለሌላው ሊስትሮ «ነገ እኔም» የሚያሰኝ ነገር ነው። የጉራጌ ወንድ ለጫማው ያለው ጥንቃቄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ክራባቱ ቢጣመም ይታለፋል፣ ጫማው አቧራ ከያዘ ግን ሚዜዎቹ ራሳቸው መሐረብ ያወጣሉ።

በደርግ ጊዜ ከውጭ የሚገባው ጨርቅ አነሰ፤ ካኪ በዛ። በዚያው ዘመን ግን አንድ ትልቅ ነገር ተከሰተ። የቀበሌው፣ የከፍተኛውና የክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን እያንዳንዱ ብሔረሰብ በመድረክ ላይ ተለይቶ የሚታወቅበት ልብስ እንዲኖረው አደረገ። በቴሌቪዥን የምናየው «የጉራጌ ባህል ልብስ»፣ ማለትም ደማቅ ጥለት ያለው ቀሚስ፣ ወገብ ላይ ጠበቅ ያለ መቀነት፣ ራስ ላይ በዘዴ የታሰረ ሻሽ፣ አሁን ያለውን ቅርጽ የያዘው በአመዛኙ በመድረክ ነው። የጥንት አያቶች ልብስ ነው ብሎ መሸጥ እውነቱን ያደበዝዛል፤ የአያቶቻችን አያቶች የለበሱት ቆዳ ነበር። ግን መድረክ ወለደው ብሎ መናቅም አይገባም። ልብሱ የተቀረጸው በጭፈራው ልክ ነው። የጉራጌ ጭፈራ ጉልበት ይፈልጋል፤ እግር ቶሎ ቶሎ ይነሣል፣ ክንድ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወረወራል። ቀሚሱ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ያለው፣ ከታች ሰፋ፣ ወገቡ ጠበቅ ያለው ለዚህ ነው።

ይህ ጭፈራ ቬሎውንም አሠልጥኖታል። ቡታጅራ ድንኳን ውስጥ የጉራጊኛው ምት ሲነሣ ምን እንደሚሆን ልብ ብላችሁ እዩ። ሙሽራዋ ከመድረኩ ወርዳ መሐል ትገባለች። አንደኛዋ ሚዜ ከኋላ ጎንበስ ብላ መሬት የሚጠርገውን የቬሎ ጭራ ታነሣና ውስጥ በኩል በተሰፋች ትንሽ የክር ቀለበት ከወገብ በታች ካለው ቁልፍ ጋር ታያይዘዋለች። ሌላዋ ባለ ተረከዙን ጫማ ተቀብላ ጠፍጣፋውን ታቀብላለች። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ሙሽራዋ በሁለት እጇ ቀሚሱን ከጉልበቷ በላይ ሰብስባ ትገባበታለች፤ አማቷም ትከተላለች። የቬሎ ሰፊዎች «ይጨፈርበታል?» ብለው የሚጠይቁት፣ መልሱም አዎ ከሆነ ቀለበቷን የሚጨምሩት ለዚሁ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ልብስ የአገሩ ልብስ የሚሆነው እንዲህ ባለ ትንሽ ስፌት ይመስለኛል።

ልብስ በሰርግ ሥርዓት ውስጥ የሚናገርበት ሌላ ሰዓት ደግሞ ጥሎሽ ነው። የሙሽራው ሚዜ ሻንጣውን ሽማግሌዎችና የሙሽራዋ ዘመዶች ፊት ያስቀምጥና ይከፍታል። አንድ በአንድ እያወጣ ከፍ አድርጎ ያሳያል፦ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው፣ የመልስ ልብስ፣ ጫማ፣ ቦርሳ፣ የውስጥ ልብስ በስሱ ተጠቅልሎ፣ በመጨረሻም ወርቁ በትንሿ ሳጥን። እያንዳንዱ ሲወጣ እልልታ አለ፤ እልልታው ሲቀዘቅዝ ሻንጣው ቀሏል ማለት ነው። እናቶች ጨርቁን በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ፈትሉ የእጅ ይሁን የፋብሪካ፣ ጥልፉ የእጅ ይሁን የመኪና እዚያው ይለያል። በቡታጅራ ሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ኒካሑ አለ፣ የሂና ምሽቱ አለ፤ ሙሽራዋ በሂናው ምሽት በደማቅ ቀለም፣ በሰርጉ ቀን ከሂጃብ ጋር ተስማምቶ በተሰፋ እጀ ሙሉ ነጭ ትታያለች። ጎረቤቱ ግን ቅይጥ ነው። ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም ወዳጆቹ በእስላም እጅ ያሳርዳል፤ ሙስሊም ሲድርም ለክርስቲያን ወዳጆቹ እንዲሁ። ሁለት ጎን ሁለት ክትፎ ይቀርባል፤ ጭፈራው ግን አንድ ነው፣ የልብስ አድናቆቱም አንድ ነው።

ካባውስ? በንጉሡ ዘመን ወርቅ የፈሰሰበት ካባ በሹመት የሚሸለም እንጂ ማንም ተነሥቶ የሚለብሰው አልነበረም። ዛሬ የመልስ ቀን የመምህሩም የበርበሬ ነጋዴውም ልጅ ጥቁር ከፋይ ካባ ደርባ ትቀመጣለች፤ ተከራይታም ይሁን ገዝታ። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። የባላባት ምልክት የነበረ ነገር የሙሽራ ሁሉ ምልክት ሲሆን አገር አላነሰም።

የሚያሳስበኝ ወጪው ነው። ሙሽሪት በአንድ ሰርግ ሦስት አራት ልብስ ትቀይራለች፤ ሚዜዎች አንድ ዓይነት ሽፎን ያሰፋሉ፤ ዘመድ በሙሉ አንድ ጥለት እንዲለብስ ይጠየቃል፤ ያልቻለው ደግሞ ይቀራል። ከውጭ የሚመጣው ጥበብ የታተመበት ጨርቅ ዋጋው ቀላል ስለሆነ ብዙውን ያለብሳል፤ የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ግን ሥራ ያሳጣል። የአገር ሽማግሌዎች ሰርግ ሰው እንዳያደኸይ ይመክራሉ፤ ምክራቸው በልቅሶ ቤት ሲሰማ በሰርግ ቤት የማይሰማው ለምን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም፤ ስልክ የያዘው ሁሉ ቀራጭ ነው፣ ቪዲዮውም ማታውኑ አሜሪካና ደቡብ አፍሪካ ያለው ዘመድ ዘንድ ይደርሳል። የትናንቱ የመስቀል ተመላላሽ የሚያመጣው ፋሽን በዓመት አንዴ ነበር፤ አሁን በየሰዓቱ ይመጣል። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ከመላ አገሪቱ የየራሱን ይዞ ይገባል። ከመስቀል በኋላ በሶዶና በመስቃን አካባቢ በሚደምቀው የአዳብና ጭፈራ ላይ፣ ወጣቶች በሚተያዩበትና በሚተጫጩበት ሜዳ፣ የባህል ቀሚስና ጂንስ ጎን ለጎን ሲጨፍሩ ይታያሉ።

አንድ ነገር ግን በእጃችን እያለ እያመለጠን ነው። የቆዳ ልብስ ለብሳ ያደገች እናት ያሳደገቻቸው አሮጊቶች ጥቂቶች ቀርተዋል። ጸጉር በቅቤ እንዴት ይያዝ እንደነበር፣ አምባሩ በየትኛው ክንድ ስንት እንደሚደረግ፣ ቆዳው ከማን እጅ በምን ዋጋ ይገዛ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ማስረጃ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያለው የሰርግ አልበም ነው፤ እርጥበት እየበላው፣ ልጆች እየቀደዱት። የባህል ቢሮዎችና ዩኒቨርሲቲው ፎቶዎቹን በባለቤቶቹ ፈቃድ ቀድተው ቢያስቀምጡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እስከዚያው ቤተሰብ ራሱ ሊጀምር ይችላል፦ በመጪው መስቀል፣ ሁሉም ሰብሰብ ሲል፣ አልበሙን አውጥቶ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ በእርሳስ መጻፍ፤ ማን እንደሆነች፣ ሰርጉ በየትኛው ዓመትና መንደር እንደነበር፣ ቀሚሱን ማን እንደሰፋው፣ ጨርቁ ከየትኛው ገበያ እንደተገዛ፣ ጌጡ የራሷ ይሁን የተዋሰችው።